እናቴ ኦፕሬሽን ልትሆን 12 ቀን ቀራት፤ በድምፅ የሚመራ ሜዲቴሽን ይጠቅማታል?

ትልቋ_ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ 63 ዓመቷ ነው፤ ከትልቁ አንጀቷ የተወሰነው ክፍል ተቆርጦ ሊወጣላት ቀጠሮ ተይዟል። ሆዷ ተከፍቶ ነው የሚሠራው። ቀዶ ሐኪሟ ቁጭ ብሎ በደንብ አስረድቷታል፣ እሷ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ሌሊቱን በዓይኗ ነው የምታነጋው። ከዓመታት በፊት አንድ ጊዜ ኦፕሬሽን ሆና ነበር። ከማደንዘዣው ስትነቃ አላቋርጥ ያለ ማስመለስ ያዛት፤ ባስመለሳት ቁጥር ስፌቱ ይጎትታታል። ዛሬም ስታወራው ሳታውቀው እጇ ወደ ሆዷ ይሄዳል። "መሞቱን አይደለም የምፈራው፣ መንቃቱን ነው" ትላለች።

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ "በድምፅ የሚመራ ሜዲቴሽን አሰሚያት፣ ቶሎ ለማገገምም ይረዳል" አለችኝ፤ ተኝተሽ የምትሰሚው፣ በትንፋሽና በሐሳብ ዘና የሚያደርግ ቅጂ ማለት ነው። ያገኘሁት አብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው፣ እማዬ ደግሞ እንግሊዝኛ አትሰማም። በአማርኛ ያገኘኋቸው ሁለቱ ተተርጉመው እንደተነበቡ ያስታውቃሉ። አንዱ "አሁን ወደ ሆድሽ ውስጥ ተንፍሺ" ሲላት ዓይኗን ገልጣ "ሆዴ ጎማ ነው እንዴ?" አለችኝ። በሳምንቱ ውስጥ የሳቅነው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

እውነት ይረዳል ወይስ ጊዜ ማባከን ነው? ከረዳስ መቼ ነው የሚጀመረው፣ በፊት ወይስ በኋላ? የሞከራችሁ ካላችሁ ንገሩኝ።

ሐሞተ_ቢስ

በቅድሚያ ስለ ስሜ፦ ሐሞት ከረጢቴ ከወጣ በኋላ ጓደኞቼ ያወጡልኝ ነው። ድሮም ፈሪ ነበርኩ፣ አሁን ማስረጃ አገኙ።

እህቴ፣ ዛሬ ማታ ጀምሩ። እኔ የጀመርኩት ከተሠራሁ በኋላ በሁለተኛው ሌሊት ነበር፣ አበላሸሁት። የእኔ በትንንሽ ቀዳዳ፣ በካሜራ የተሠራ ነው፤ ለሐኪሙ ቦታ እንዲከፈትለት ሆድ በጋዝ ይነፋል። ሕመሙን ሆዴ ላይ ስጠብቀው ትከሻዬ ላይ ወጣ። ጋዙ ድያፍራሙን (ከሳንባ ሥር ያለውን የመተንፈሻ ጡንቻ) ሲቆጠቁጠው አእምሮ ትከሻ የታመመ ይመስለዋል አሉኝ በኋላ። እና ጆሮዬ ውስጥ ያለችው ሴትዮ በለሰለሰ ድምፅ "ትከሻዎችህ እንደ ላባ ቀለዋል" ትለኛለች። በጩቤ እየተወጋሁ! ማዳመጫውን ነቅዬ ወረወርኩት፤ አጠገቤ የተኛው ሰውዬ አልጋ ሥር ገባ፣ ጎንበስ ብዬ ማንሳትም አልቻልኩም።

ከዚያ ሁሉ የተረፈችኝ አንዲት ነገር ናት፤ ትንፋሽን በረጅሙ መልቀቅ። ከአልጋ ስነሳ በጎኔ እዞራለሁ፣ እግሬን አወርዳለሁ፣ በክንዴ እየገፋሁ ስነሳ ትንፋሼን ቀስ እያልኩ እለቃለሁ። ትንፋሼን ይዤ የተነሳሁ ቀን ሆዴ እንደ ከበሮ ይወጠርና እንባዬ ይመጣል። እየለቀቅኩ ስነሳ ሌላ ሰው ነኝ። ግን ይህን አልጋ ላይ ሆኖ፣ እያመመ፣ አዲስ ትምህርት አድርጎ መማር ከባድ ነው። ጤነኛ ሆና ትለማመደው።

ሌሊት_ተረኛ

ከኦፕሬሽን የወጡ ሰዎች በሚተኙበት ክፍል ነርስ ነኝ፤ አሁንም ተረኛ ሆኜ ነው የምጽፈው።

የፈራ ሕመምተኛ ገና ብርድ ልብሱን ስትነኪው እንጨት ይሆናል። ሆዱን ጨብጦ ይይዛል፣ ከላይ ከላይ ብቻ ይተነፍሳል፣ ስፌቱ እንዳይጎትተው ሳል ሲመጣበት ይውጠዋል። የሳንባው ታችኛ ክፍል አየር ሳያገኝ ይቀራል፣ አክታ ይጠራቀማል፣ ከዚያ የሳንባ ምች ይከተላል። ሆዷ ተከፍቶ ለሚሠራ ሰው ትልቁ ጭንቀታችን ይህ ነው። ስለዚህ ሜዲቴሽኑ ነፍሷን ወደ ባሕር ዳርቻ ወስዶ ቢመልሳት ደስ ይለኛል፣ ካልወሰዳትም ግዴለኝም። በጥልቀት እንድትተነፍስ፣ ትራስ ሆዷ ላይ አቅፋ እንድታስል፣ በጊዜ ተነስታ እንድትራመድ ካደረጋት ሥራውን ሠርቷል።

ቅደም ተከተሉን አትሳሳቱ። ማስታገሻዋን በሰዓቱ ትውሰድ፤ መሥራት ሲጀምር ድምፁን ትስማ፤ ሰውነቷ ለቀቅ ሲል ትንፋሹንና ሳሉን ትሥራ። ሌላው ደግሞ፣ "ከ0 እስከ 10 ሕመምሽ ስንት ነው?" ስንላት እውነቱን ትናገር። ነርሷን ላለማስቸገር ብለው 7ቱን 3 የሚሉ እናቶች ሌሊቱን ሙሉ ሲሰቃዩ አይቻለሁ።

ማስረጃ_የታለ

ደስታችሁን ላደፈርስ አይደለም፣ ግን "ቶሎ ያድናል" የሚለው ቃል እንዲህ በቀላሉ አይለፍ።

እ.ኤ.አ. በ2016 በኮክሬን፣ የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ በሚመዝነው ድርጅት፣ የወጣ ግምገማ አለ። በሙሉ ማደንዘዣ ኦፕሬሽን ከሚሆኑ አዋቂዎች ጋር የተሠሩ 105 ጥናቶችን፣ ከ10,000 በላይ ሰዎችን ሰብስቧል። የተመዘነው ሜዲቴሽን ብቻ አይደለም፤ መዝናናት፣ መረጃ መስጠት፣ ሂፕኖሲስ፣ ሌላም አለበት። ውጤቱ፦ ሕመምና ጭንቀት ሊቀንስ ይችላል፣ ሆስፒታል የመቆያ ጊዜ በግማሽ ቀን ገደማ ያጥራል። ገምጋሚዎቹ ራሳቸው ግን የማስረጃው ጥራት ዝቅተኛ ነው ብለው ጽፈዋል። ክኒን በሐሰተኛ ክኒን ይፈተናል፤ ሜዲቴሽን እየሠራ መሆኑን ከሕመምተኛው እንዴት ትደብቀዋለህ? "ተሽሎኛል" የሚለው ሰው ደግ ስለሆኑለት ይሁን ስለተነፈሰ በምን ይታወቃል?

"ቁስል ያድናል" ባዮች ሁልጊዜ የሚጠቅሱትን ደግሞ ላስቀድም። ጃኒስ ኪኮልት ግሌዘርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1995 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ የመርሳት ሕመም ያለበትን ዘመድ የሚያስታምሙ ሴቶች ክንድ ላይ 3.5 ሚሊ ሜትር ቁስል አድርገው ሲከታተሉት፣ ለመዳን ከማያስታምሙት ሴቶች 9 ቀን ገደማ የበለጠ ወስዷል። በ1998 ደግሞ የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች ላንቃቸው ላይ የተደረገው ትንሽ ቁስል በፈተና ሰሞን ከዕረፍት ጊዜው በ40 በመቶ ዘግይቶ ዳነ። ጥሩ ሥራዎች ናቸው። ግን የሚሉት ጭንቀት ቁስልን ያዘገያል ነው። ከዚያ ተነስቶ ሜዲቴሽን ቁስልን ያፋጥናል ማለት፣ ጭቃ መኪናን ያዘገያል ስለዚህ ማጠብ ያፈጥነዋል እንደማለት ነው።

ሐሞተ_ቢስ

@ማስረጃ_የታለ አንተ ሰው ሠርግ ላይ ብትጠራ የሙሽሮቹን የደም ምርመራ ነው የምትጠይቀው።

ግን ቁጥር ከወደድክ የእኛን የሐሞት ሰዎች ላስታውስህ። እ.ኤ.አ. በ1984 ሮጀር ኡልሪክ የሚባል ሰው በሳይንስ መጽሔት ላይ ያወጣው ነው፤ ሐሞት ከረጢታቸው የወጣ 46 ሰዎች፣ ግማሾቹ መስኮታቸው ዛፍ ያሳያል፣ ግማሾቹ የጡብ ግድግዳ። ዛፍ ያዩት ቀድመው ወጡ፣ ጠንካራ ማስታገሻም ያነሰ ወሰዱ። የእኔ መስኮት የሚያሳየው የልብስ ማጠቢያውን ጭስ ማውጫ ነበር፣ ልክሰስ እንዴ?

ከማደንዘዣ_ክፍል

በማደንዘዣ ሙያ ላይ ነኝ። ለ@ማስረጃ_የታለ አንድ የቆየ ሥራ ላንሳለት፤ የመደበቁን ችግር በከፊልም ቢሆን ፈትቶታል።

እ.ኤ.አ. 1964 ነው። ሎውረንስ ኤግበርት የሚባል የማደንዘዣ ሐኪምና ባልደረቦቹ በማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ሆዳቸው የሚከፈት 97 ሕመምተኞችን ለሁለት ከፈሉ። ለአንደኛው ወገን ከኦፕሬሽኑ በፊት በነበረው ምሽት ሐኪሙ ሄዶ ስለ ሕመሙ በግልጽ ነገራቸው፦ የት እንደሚያማችሁ፣ ምን ያህል እንደሚከፋ፣ ስንት ቀን እንደሚቆይ። ከሕመሙ ከፊሉ የሚመጣው ቁስሉ ሥር ያሉት ጡንቻዎች ስለሚኮማተሩ ነው አላቸው፤ ሆድን እንዴት ለቀቅ እንደሚያደርጉ፣ በጥልቀት እንዴት እንደሚተነፍሱ፣ በእጅና በእግር ተደግፎ እንዴት እንደሚዞሩ አሳያቸው። ለሌላው ወገን ስለ ሕመም ምንም አልተነገረም። ቀዶ ሐኪሞቹ ማን ከየትኛው እንደሆነ አያውቁም ነበር። የተነገራቸው ሰዎች የወሰዱት ሞርፊን መሰል ማስታገሻ በግማሽ ገደማ ቀነሰ፤ ሐኪሞቹም በአማካይ 2.7 ቀን ቀድመው ወደ ቤት ላኳቸው። አንድ ጥናት ነው፣ የዛሬ ሆስፒታል እንደዚያን ጊዜው ለረጅም ቀናት አያስተኛም፣ ስለዚህ ቁጥሩ እንዳለ አይገለበጥም። ሐሳቡ ግን አላረጀም።

በዚያ ታሪክ ውስጥ ቴፕም መተግበሪያም የለም። ሰው ነው የነገራቸው። እውነቱንም ነው የነገራቸው።

አሁን ወደ @ትልቋ_ልጅ። ሁላችሁም ትንፋሽ ትንፋሽ ስትሉ እናቷ የፈራችውን አለፋችሁት። የፈራችው ማስመለሱን ነው! ሴት ናት፣ ከዚህ በፊት ከማደንዘዣ በኋላ አስመልሷታል፣ ከኦፕሬሽኑ በኋላም ሞርፊን መሰል መድኃኒት ሊሰጣት ይችላል። እነዚህ ሁሉ እንደገና የማስመለስ ዕድሏን ከፍ የሚያደርጉ የታወቁ ምክንያቶች ናቸው (ሲጋራ የማታጨስ ከሆነ እሱም ይጨመራል፣ የሚገርም ቢሆንም)። አስቀድሞ የሚሰጥ መከላከያ መድኃኒት አለ፤ የማደንዘዣውን ዓይነት መቀየርም ይቻላል። ማደንዘዣ የሚሰጣትን ባለሙያ አግኝታችሁ ያለፈውን ንገሩት። ይህን ሳትነግሩ ሜዲቴሽን ላይ ብትደክሙ ጣሪያው የሚያፈሰውን ቤት ግድግዳ መቀባት ነው።

ትልቋ_ልጅ

@ከማደንዘዣ_ክፍል እግዜር ይስጥልኝ። እኛ የዚያን ጊዜውን ነገር እንደ ዕጣ ፈንታ ነው የቆጠርነው፤ ለማንም መነገር ያለበት ነገር መሆኑን አላሰብንም። ነገ ጠዋት እደውላለሁ።

ዓይኔን_አልጨፍንም

የእኔንም ስሙኝ፣ ሁሉም ሰው ላይ ስለማይሠራ። እኔ በመኪና አደጋ በድንገት ነው የተሠራሁት። ከዚያ በኋላ አንዲት ደግ ሰው ከእግር ጣት እስከ ራስ እያንዳንዱን የሰውነት ክፍል "የሚያይ" ቅጂ ሰጠችኝ። ዓይኔን ስጨፍን የመኪናው መስታወት ይመጣል። ድምፁ ጭኔ ላይ ሲደርስ፣ ብረት የገባበት ጭኔ ማለት ነው፣ ልቤ ከደረቴ ልትወጣ ደረሰች። ሰዎች ደግሞ "ትንሽ ታገሺው፣ ይለቅሻል" ይሉኛል። አልለቀቀኝም።

በኋላ የሠራልኝ ዓይኔን ገልጬ፣ ጣሪያው ላይ አንድ ነጥብ መርጬ፣ ከሰውነቴ ውጭ ያለውን ድምፅ መቁጠር ነው፤ የጋሪው ጎማ፣ የኮሪደሩ ጫማ፣ የሚንጠባጠብ ቧንቧ። እናትሽ "አቁሚው" ካለችሽ በዚያው ቅጽበት አቁሚው። ድምፅ ጨርሶ ካልተስማማት ሙዚቃም አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 በላንሴት የወጣ ግምገማ 73 ሙከራዎችን ሰብስቦ ከኦፕሬሽን በኋላ ሕመምንና ጭንቀትን እንደሚቀንስ አሳይቷል። የመቆያ ቀን ግን አላሳጠረም።

ብርሃን_በውስጤ

ለምን ታወሳስቡታላችሁ? እኔ የማሕፀን ኦፕሬሽን ሆኜ አንዲት ክኒን አልዋጥኩም። ማስታገሻ መርዝ ነው፣ ሰውነት ራሱን ያውቃል። እያንዳንዷ ሕዋስ ትሰማናለች። እናትሽን ከመድኃኒቱ አውጫትና በውስጧ ያለውን ብርሃን ታግኝ። 🙏

ሌሊት_ተረኛ

@ብርሃን_በውስጤ አንቺ ደህና በመሆንሽ ደስ ብሎኛል። ለ63 ዓመት እናት፣ ሆዷ ለሚከፈት፣ ይህን ምክር ስትሰጪ ግን ዝም ብዬ አላልፍም። በሕመም የተያዘች ሴት አታስልም፣ አትራመድም፤ ያላሳለ ሳንባና ያልተራመደ እግር ምን እንደሚያመጣ የማየው እኔ ነኝ።

ሌላው እያነበበ ስለሆነ ልጻፈው። ትኩሳት ከ38 ዲግሪ ካለፈ፣ ስፌቱ ከቀላና መግል ካወጣ፣ ሲቀንስ የነበረ ሕመም ተመልሶ ከጨመረ፣ ሆድ ከተነፋና ማስመለስ ከመጣ፣ አንደኛው ባት አብጦ ካመመ፣ ድንገት ትንፋሽ ካጠረ፣ በዚያን ጊዜ ማዳመጫው ይነቀል፣ ሐኪም ይጠራ። "ሜዲቴሽኔን ልጨርስ" ብሎ እግሩ ውስጥ የረጋ ደም ይዞ ግማሽ ቀን የተኛ ሰው አውቃለሁ። ተርፏል፤ ሁሉም አይተርፍም።

ስሜን_ተውት

ይቅርታ ከርዕሱ ልውጣ። ይህ ነገር ከሃይማኖት ጋር አይጋጭም ወይ? አክስቴ በዚህ ምክንያት እምቢ አለች።

ከማደንዘዣ_ክፍል

እንደምትመርጡት ይወሰናል። ጡንቻን እያጠበቁ መልቀቅን ያስተማረው ኤድመንድ ጃኮብሰን የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ነው፤ ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1929 በመጽሐፍ አውጥቶታል፣ ውስጡ ጡንቻ እንጂ እምነት የለበትም። ጆን ካባት ዚን በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል የጀመረው የ8 ሳምንት ትምህርት ደግሞ ከቡድሂስቶች ልምምድ የተቀዳ ነው፣ ለሆስፒታል እንዲሆን ሃይማኖቱን አውጥቶ ነው ያቀረበው። ለአክስትዎ የመጀመሪያውን ያስተምሯቸው። ጸሎታቸውን በዝግታ፣ ትንፋሻቸውን እየለቀቁ ቢያደርሱም እኔ በበኩሌ ቅር አይለኝም።

ትልቋ_ልጅ

ተደወለ፣ ተነገረ። የማደንዘዣው ባለሙያ እናቴን ራሷን አናግሯት "እንኳን ነገሩን" አላት። ስልኩን ዘግታ ዝም ብላ ቆየችና "ቀድሞስ ለምን አልተናገርኩም?" አለች።

አሁን በራሴ ድምፅ ልቀዳላት አስቤያለሁ። ግን ስጽፈው ሁሉ ነገር ትእዛዝ ይሆንብኛል። "ዘና በይ፣ ተንፍሺ፣ ልቀቂ፣ እይ"፣ እናቴን እያዘዝኩ! የምታውቁ እርዱኝ።

ቃል_ለቃሚ

እስካሁን በዝምታ ሳነብ ነበር፤ ይህ የእኔ ሥራ ነው። አማርኛ ሲያዝ ወንድና ሴቱን፣ ትንሽና ትልቁን ይለያል፤ አንዱን ቅጂ ለሁሉም ማድረግ አይቻልም። "ዘና በል" እየተባለች የምትሰማ ሴት እንዴት ዘና ትላለች? አንቱ መባል የለመዱ ሽማግሌም በማያውቁት ልጅ "አንተ" ሲባሉ ጡንቻቸው ይጠብቃል እንጂ አይለቅም። መፍትሔው ትእዛዙን መቀነስ ነው። "ተንፍሺ" ከማለት "አየሩ ይገባል… ይወጣል" ማለት። የሚሠራው አየሩ ነው፣ እሷ ምንም አትሠራም።

"ወደ ሆድሽ ተንፍሺ" የሚለውን እናትሽ በትክክል ነው የያዘችው። በእኛ አፍ የተነፈሰ ነገር አየሩ የወጣለት ነው፣ ጎማም ኳስም። አየር "ይሳባል"፣ ከዚያ "ይለቀቃል"። ደስ የሚለው ደግሞ መልቀቅ ለትንፋሹም፣ ለትከሻውም፣ ለጨበጥነው ነገርም አንድ ቃል መሆኑ ነው።

"አያምሽም" አትበያት። ውሸት ነው፣ ጆሮም የሚይዘው ማመሙን ነው። እንዲህ ሞክሪ፦

*"እማዬ፣ እኔ ነኝ። አሁን ምንም ሥራ የለብሽም። ጀርባሽ ፍራሹ ላይ ነው፤ ፍራሹ ይሸከምልሽ። ጥርስሽ ተነካክሶ እንደሆነ ይላቀቅ… አየሩ በአፍንጫሽ ይገባል… በቀስታ ይለቀቃል። ሲለቀቅ ትከሻሽም አብሮት ይወርዳል። ሕመሙ ካለ ይኑር፤ እኛ ግን አየሩን እንከተል። ይገባል… ይለቀቃል…"*

ነጥብ ነጥቦቹ ላይ አትቸኩይ። አንቺ ራስሽ አንድ ሙሉ ትንፋሽ እስክትጨርሺ ዝም በይ።

ትልቋ_ልጅ

ከ19 ቀን በኋላ ተመለስኩ። እማዬ ቤት ናት።

11 ደቂቃ ቀዳሁላት፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ልብስ መሀል ገብቼ። ሰባተኛው ደቂቃ ላይ የጎረቤት ውሻ ጮኸ፤ ደክሞኝ ስለነበር ተውኩት። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሌሊቶች አራተኛው ደቂቃ ሳይደርስ ተኛች። በአራተኛው ሌሊት እስከ መጨረሻው ሰማችውና "ድምፅሽ ለቅሶ ቤት የመጣሽ ያስመስልሻል፣ ትንሽ ፈገግ ብለሽ ቅጂው" አለችኝ። ቀዳሁት፣ ውሻው እንዲቀር ደግሞ በጠዋት። አልወደደችውም። "ውሻው ሲጮህ ሊያልቅ መሆኑን አውቃለሁ" ብላ ወደ አሮጌው ተመለሰች።

የኦፕሬሽኑ ዕለት ሠራተኞቹ እስከ ቀዶ ክፍሉ በር ድረስ ማዳመጫውን ፈቀዱላት። ስትነቃ አንድ ጊዜ አቅለሸለሻት፣ አላስመለሳትም። ይህ የመድኃኒቱ ሥራ ነው፣ ለሜዲቴሽኑ አልሰጠውም። በዚያ ቀን ላሰማት ስሞክር "ዝም በይልኝ" አለችኝ፣ ዝም አልኩ። በማግስቱ ግን ነርሷ ልታስነሳት ስትመጣ፣ ማንም ሳይነግራት፣ በጎኗ ዞረች፣ ትራሱን አቀፈች፣ በረጅሙ እየለቀቀች ተነሳች። ማዳመጫ የለ፣ ምን የለ። ነርሷ "ማን አስተማረሽ?" ስትላት "ልጄና አንድ ውሻ" አለቻት።

በስድስተኛው ቀን ወጣች። ያለዚህ ሁሉ ስንት ቀን ትቆይ እንደነበር አላውቅም።

ማስረጃ_የታለ

እንኳን ማርያም ማረቻት። ያለዚህ ስንት ቀን ትቆይ እንደነበር አላውቅም ማለትሽን ግን ከሁሉ በላይ ወድጄዋለሁ። ማስታገሻ በስንት ሰዓት ልዩነት ነበር የምትወስደው? ጽፈሽዋል?

ትልቋ_ልጅ

አልጻፍኩም 😄 ሁለት እጅ ነው ያለኝ። እማዬ አጠገቤ ሆና እያነበብኩላት ነው። "ያ ሐሞተ ቢስ የሚሉት ሰውዬ አሁንም ሲያስል ትራስ ያቅፋል ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ" እያለች ነው።

ሐሞተ_ቢስ

አቅፋለሁ በያቸው። ስስቅም አቅፋለሁ። ስድስት ወር አልፎኛል፣ ሐኪሙ ድነሃል ብሎኛል፤ እጄ ግን ገና አልሰማም።